ባዶ ጆንያ የሚሰቀልበት አገር

አንድ አገር ነበረ። ካርታ ላይ አትፈልጉት፤ ካርታ የሠሩት ሰዎች ሳያዩት አልፈውት ሄደዋል። በላይኛው ጫፍ የንጉሡ ኮረብታ አለ። ከኮረብታው ሥር አንድ ወንዝ ይፈልቅና ሰባት መንደሮችን እየነካካ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰባተኛው መንደር ሲደርስ ሰፊ ኩሬ ሠርቶ ያርፋል። ይህ ሰባተኛው መንደር ግርጌ ይባላል። ስድስቱ መንደሮች ያጠቡት፣ የጣሉትና የደፉት ሁሉ መድረሻው ግርጌ ነው። የግርጌ ሰዎች ትሑታን ናቸው ይባል ነበር። ለእኔ ግን ትሕትና ሳይሆን መላመድ ይመስለኛል።

በዚያ አገር ሕግ ለጉድ ነው። ከሁሉም የቆየው የወንዙ ሕግ ነበር። እያንዳንዱ መንደር አንድ ቀማሽ አለው። ቀማሹ በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ከወንዙ አንድ ዋንጫ ቀድቶ ይጠጣና «ወንዙ እንደ አምናው ነው» ይላል። ሌላ ቃል አይፈቀድለትም። ሌላ ቢናገር ምን እንደሚደረግ በሕጉ አልተጻፈም፤ ተናግሮ የሚያውቅ አልነበረማ። የቀማሹ ሁለተኛ ሥራ ለልጆች ስም ማውጣት ነው። ልጅ በተወለደ በአርባኛው ቀን ቀማሹ በቀኝ መዳፉ ውሃ ዘግኖ ከንፈሩን ያርስለትና ስሙን ይጠራዋል። ከዚያ ወዲያ እናቱ ሰባት ጠዋት ያንኑ ውሃ ታጠጣዋለች። ይህ ያልተደረገለት ልጅ ስም የለውም፤ ስም የሌለው ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ቢያለቅስ እንኳ ጎረቤት «ልጁ አለቀሰ» አይልም፤ «አንድ ነገር ጮኸ» ነው የሚለው።

የግርጌ ቀማሽ አንጓች ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አጠር ያለች፣ ከአፏ ቃል በግድ የሚወጣ ሴት ናት። ቀማሽነቱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ሟች ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ከአንጓች ጋር ከምከራከር በሬዬን ብመክር ይሻለኛል እያለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር።

ታዲያ በአንድ ዘመን ንጉሡ ከሩቅ አገር ነጭ ዱቄት አስመጡ። ማሳ ላይ ሲበተን እህሉን ያፋፋል። ስሙም «ነጩ በረከት» ተባለ። እውነቱን ለመናገር ዱቄቱ ክፉ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ጎተራ ሁሉ ሞልቶ፣ ሰው እህሉን የሚያኖርበት ቸግሮት እየተሳሳቀ ነበር። ክፋቱ የመጣው ከሕጉ ነው።

ንጉሡ ሕዝባቸው በረከታቸውን መቀበሉን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ማሳ ላይ የተበተነ ዱቄት ደግሞ ከኮረብታ ላይ አይታይም። ስለዚህ የባዶ ጆንያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ለየቤቱ ሰባት ሰባት ጆንያ በረከት ይታደላል፤ ሰፊ መሬት ላለውም ሰባት፣ የጓሮ ጎመን ብቻ ላለውም ሰባት። እምቢልታ በተነፋ ቀን እያንዳንዱ ቤት ሰባቱንም ጆንያ ባዷቸውን በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ንጉሡም ከሰገነታቸው ሆነው በረዥም መነጽር ያያሉ። ቀኑ ክረምቱ ሊገባ ሲል የተደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝናቡ ከጀመረ ጉሙ ይጋርድባቸዋል። ሁሉም በደንብ የታሰበበት ነገር ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አዛዥ ጉልላት በበቅሎ እየዞሩ ጆንያዎቹን ይመረምራሉ። ይገለብጧቸዋል፣ ያራግፏቸዋል፣ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ይከቱባቸዋል። አንዲት የዱቄት ፍሬ ከወደቀች ያ ቤት «ቅሬታ ያለበት ቤት» ተብሎ ይመዘገባል፤ አባወራውም ጆንያውን ለብሶ ገበያ መሃል ሲገተር ይውላል። እንግዲህ ሰው ምን ያድርግ? ማሳው ላይ እንዳመጣለት በተነ፤ የተረፈውን ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ደፋ፤ በጆንያው ስፌት አንዲት ፍሬ እንዳትደበቅ ደግሞ ወንዝ ወርዶ አጠበው። ሰባት መንደር ሙሉ በአንድ ቀን ጆንያ ሲያጥብ አስቡት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዝናቡ ይወርድና ማሳው ላይ የነበረውንም ጠራርጎ ያንኑ ወንዝ ይጨምረዋል።

በሦስተኛው ዓመት የግርጌ ኩሬ አረንጓዴ ሆነ። ሰው መጀመሪያ ላይ በረከቱ ውሃውንም አለመለመው ብሎ ተደስቶ ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ወፍሮ እንደ ድሪቶ ኩሬውን ለበሰው። ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ፣ ከብቱ አሽትቶ ይመለስ ጀመር፣ ሽታው ቤት ድረስ ገባ። ክረምቱ ሲወጣ አንጓች ድሪቶውን በእጇ ገለጥ አድርጋ አንድ ዋንጫ ቀዳች፤ እንደምንም ጠጣችና «ወንዙ እንደ አምናው ነው» አለች። የስድስቱ መንደር ቀማሾችም ያንኑ አሉ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቷን ልጅ ስም አወጣች። እናቲቱ እንደ ሥርዓቱ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ታጠጣው ገባች። በአምስተኛው ቀን የልጁ ከንፈር አመድ መሰለ፣ ትንፋሹም አጠረ። እናቱ ደንግጣ ውሃውን ተወችና ጡቷን ብቻ እየሰጠች ስትንከባከበው ከርማ ልጁ ለጥቂት ተረፈ። አንጓችን የወቀሳት የለም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ መዳፏን ስታይ ያንገሸግሻት ነበር።

አንድያ ልጇ የሻረግ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ከዚህ በኋላ ነው። ሕፃኗ ጠይም፣ ባለ ትልልቅ ዓይን ሴት ናት። የሻረግ ገና አራስ ቤት ሳለች አንጓች ለሕፃኗ ስም መርጣ በሆዷ ይዛ ነበር። አርባው ቀን እየቀረበ ሲመጣ ግን እህል አልወርድላት አለ። ውሃው ተበላሽቷል ብትል የንጉሡን በረከት መስደብ ነው። ዝም ብትል የልጅ ልጇን በገዛ እጇ መመረዝ ነው። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ቀኝ እጇን እስከ አንጓው በጨርቅ ጠቅልላ ከቤቷ ወጣች። ሕጉ የቆሰለ እጅ ወንዝ አይነካም ይላል። ቀማሹ በሕይወት ሳለም ማንም አይተካውም። ዋንጫውን በግራዋ መያዝ ትችላለች፤ ስም ማውጣት ግን በቀኝ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት በግርጌ መንደር ስም ማውጣት ቆመ።

ወራት አለፉ። ስም የሌላቸው ልጆች አሥራ አንድ ደረሱ። አባቶች ማጉረምረም ጀመሩ፣ ሽማግሌዎችም ቅባት ይዘው ቁስሉን እንይልሽ እያሉ መጡ። አንጓች ቅባቱን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ትሸኛቸዋለች። ልጇን ግን በዚህ መሸኘት አልቻለችም። አንድ ቀን የሻረግ ሕፃኗን ታቅፋ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እጅሽን ፍቺና አሳዪኝ።»

«አይፈታም።»

«የምን ቁስል ነው? መንፈቅ አልፎታል እኮ። ልጄ እየዳኸች ነው። ወደ እሳት ስትሄድ ማን ብዬ ልጥራት?»

አንጓች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንዙ ሲሽር ይሽራል» አለቻት።

የሻረግ እናቷን አየቻት፤ የተጠቀለለውን እጅም አየችው፤ ገባት። የጎረቤታቸውን ልጅ ከንፈር እሷም አይታው ነበር። ተነሥታ ልጇን አዘለችና በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ «እንግዲያው ቶሎ አሽሪው» ብላ ሄደች።

መናገሩስ ቀላል ነበር። አንጓች ያን ሰሞን ስትወጣ ስትገባ የምታስበው ይህንኑ ነው። የዓመቱ በረከት ታድሎ ሰባቱ ጆንያ ጓዳዋ ውስጥ ተደርድሯል። መሬቷ ደግሞ ለግማሽ ጆንያ የምትበቃ አይደለችም። ቀማሽ ስለሆነች ሕግ በቃሏ ታውቃለች፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ አነበነበችው። ሕጉ ጆንያው ባዶ ይሁን ይላል። በረከቱ የት ይሁን አይልም።

በማግስቱ የእናቷን ትልልቅ ጋኖች ከጓዳ ጎትታ አወጣች። ጠላ ከተጠመቀባቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ደርቀዋል። ዱቄቱን በሙሉ ገለበጠችባቸው፣ አፋቸውን በቁርበት ከድና በጭቃ መረገቻቸው። ጆንያዎቹን ወንዝ አላወረደችም። ጓሮዋ ውስጥ ድንጋይ ላይ እየደበደበች አራገፈቻቸውና እምቢልታው ሲነፋ ሰቀለቻቸው።

አዛዥ ጉልላት ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። በቅሎዋ በወንዙ ዳር በታረሰ መሬት ስትደነቃቀፍ ስለመጣች ወገባቸው ተቆርጧል። የሚቀመጡበት ሲፈልጉ ግድግዳ ጥግ የቆመ ጋን አዩና ዘፍ አሉበት። አንጓች ጆንያዎቹን ፈጥና ከበሩ አውርዳ አቀረበችላቸው። እሳቸውም በረከቱ ላይ ተቀምጠው ሰባቱንም ጆንያ አንድ በአንድ ገለበጡ፣ አራገፉ፣ ክንዳቸውን ከተቱ። አንዲት ፍሬ አልወደቀችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰባት መንደር ስዞር እንዲህ ያለ ባዶ አላየሁም» አሉ ተደንቀው።

ደስ ሲላቸው አይታ አንጓች ያሰበችውን ጣል አደረገች። ጌታዬ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሲወጡ በገበሬ ትልም ላይ መንገላታትዎ አሳዘነኝ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ አሥር አሥር እርምጃ ሣር ቢከለል በቅሎዎ እንደ ምንጣፍ ትረግጠው ነበር አለቻቸው። አዛዥ ጉልላት ወገባቸውን እያሻሹ አሰቡበት። አሥር እርምጃ አነሰባቸው፤ ለማዕረጋቸው የሚመጥነው አሥራ አምስት ነው። ሳምንት ሳይሞላ አዋጅ ወጣ፦ ከኮረብታው እስከ ግርጌ በወንዙ ግራና ቀኝ አሥራ አምስት እርምጃ «የአዛዡ መንገድ» ይሆናል፤ የሚያርሰውም፣ የሚያግጥበትም፣ ከበቅሎዋ በቀር የሚረግጠውም ወየውለት። ገበሬው ለአንድ በቅሎ ይህን ያህል መሬት ብሎ አጉተመተመ። ሰርዶውና ቄጠማው ግን ማጉተምተም አያውቅም፤ በአንድ ክረምት ጉልበት ድረስ በቀለ። ከማሳ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ሲደርስ እየተጣራና እየደከመ ይቀር ጀመር።

ዝናቡ ረገብ ብሎ ቡቃያው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ አንጓች አንዱን ጋን ከፈተች። በሦስት ጣቷ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች በየቡቃያው ሥር አደረገችና አፈር አለበሰችው። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፤ የሻረግም እያገዘቻት ሁለቱን አራት ቀን ፈጀባቸው። ያያቸው ሁሉ ዱቄቱን እንደ በርበሬ ሰሰተችው እያለ ሳቀባቸው። ሲታጨድ ግን የአንጓች እህል የሁሉንም አስከነዳ፣ ጋኑም ገና አልጎደለም ነበር። የሳቁት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ጋን ሊዋሷት መጡ። እሷም የወንዙን ነገር አላነሣችባቸውም፤ አቆነጣጠሩን ብቻ አሳየቻቸው።

ግርጌ ብቻውን ቢጠነቀቅ ግን ምን ዋጋ አለው? ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። አንጓች የልጅ ልጇን አዝላ፣ ከእህሏ አንድ እፍኝ ዛላ ቋጥራ፣ ወንዙን ተከትላ ወጣች። በመንገድ እያደረች በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው መንደር ደረሰች። የዚያ ቀማሽ አያ ሽብሩ ይባላል፤ ትልቅ ገበሬ ነው፤ እሱ ያደረገውን አምስቱ መንደሮች ያደርጋሉ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ የተወለደ ሰው ነበር እንጂ። ደጁ ላይ የሚፈሰው ውሃ ጠጠሩ እየታየ ይወርዳል፤ ቢደፋበትም ቢያጥብበትም ወዲያው ተጠራርጎ ስለሚሄድለት ሄዶ የት እንደሚያርፍ አስቦት አያውቅም።

በደንብ ተቀበላት፣ አበላት፣ ዛላውንም በመዳፉ አሽቶ አደነቀ። ስለ ጋኑና ስለ ቁንጠራው ስትነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ማሳ የትየለሌ ነው፣ ያን ሁሉ ጣት ከየት ያመጣል? ወንዙም ቢሆን ምን ሆነ፣ ዘንድሮም እንደ አምናው ነው አለ። እንዲህ እያለ ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን ጣቱን ይዛ ሳበችው። ሽብሩ ሳቀ።

«ይቺስ ማን ትባላለች፣ እትዬ አንጓች?»

«ስም የላትም።»

«ዓመት አልፏታል እኮ። ጥርስ አብቅላለች።»

«አዎ። አያ ሽብሩ፣ የእሷን ስም የከለከላት ከዚህ ከአንተ ደጅ የሚወርደው ውሃ ነው። እንደ አምናው አይደለም። እኔም ዋሽቻለሁ፣ አንተም ዋሽተሃል።»

ይህን ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ ቀማሽ በዚያ አገር እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ሽብሩ አካባቢውን ገላመጠ፤ የሰማ የለም። ሕፃኗ አሁንም ጣቱን አልለቀቀችም። ከዚያ፣ ሳይቆጣትም ሳያባርራትም፣ ጋኑ ስንት ስንት እንደሚይዝ ጠየቃት። አንጓች እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ልኩን ነገረችው።

በተከታዩ ዓመት እምቢልታው ሲነፋ ወንዙ ዳር ጆንያ የሚያጥብ ሰው አልታየም። አዛዥ ጉልላት በሣር መንገዳቸው እየተንሸራሸሩ ሰባቱን መንደር ዞሩ፤ ሁሉም ቤት ባዶ ነው። ቢሆንም አንድ አዲስ ጣጣ መጥቶ ነበር። በየዓመቱ ሰባት ጆንያ ሲታደል በየቤቱ ያለው ጋን ሁሉ ሞላ። እንደገና ልንደፋው ነው ወይ እያለ ሰው ተጨነቀ። የአዛዡም አህዮች ያን ሁሉ ጭነት ሲያመላልሱ ጀርባቸው ተልጧል። አንጓች አዛዡ ስለ አህዮቻቸው ሲያማርሩ አገኘቻቸው።

«ጌታዬ፣» አለቻቸው፣ «ከአራገፉት ጆንያ ይበልጥ ባዶ የሚሆን ጆንያ አለ።»

«ምን ዓይነት ነው እሱ?»

«ጨርሶ ያልተሞላ።»

አዛዥ ጉልላት ፊታቸው በራ። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቀርቦ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጆንያ ፍሬ አይገኝበትም፣ አህያም አይልጥም፣ ከሰገነትም ሲታይ ያው ነጭ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከሰባቱ ጆንያ ስድስቱ ባዷቸውን ይታደሉ ጀመር፤ አዛዡንም ለዚህ ሐሳባቸው ንጉሡ ካባ ሸለሟቸው። የተረፈው አንዱ ጆንያ ለሚቆነጥር ሰው በቂ ነው። አንሶብኝ ያለም ጎረቤቱ ጋን ሄዶ ይዘግናል።

ወንዙ በአንድ ቀን አልዳነም። መጀመሪያ ሽታው ጠፋ። ቀጥሎ ድሪቶው ከመሃል ተቀደደ፤ በክረምቱ ጎርፍ እየተገፋ ወደ ዳር ሸሸ፤ ደረቀ። አንድ ጠዋት የግርጌ ላሞች ሳያሸቱ አጎንብሰው ሲጠጡ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ አያቸው። በሌላ ቀን አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ታየች ተባለና መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወረደ። አየናት ያሉ አሉ፤ አንጓች ግን አላየሁም ነው ያለችው። ገና ነው እያለች ሌላ አንድ ክረምት አስጠበቀቻቸው። በግራ እጇ እየቀዳች በየሳምንቱ ትቀምሳለች፣ ትተፋለች፣ ገና ነው ትላለች። አንድ ሳምንት ቀምሳ ሳትተፋ ዋጠችው። ደግማ ቀዳችና ሙሉውን ጠጣች።

ኮረብታው ላይ ነጩ በረከት ወንዙን አጠራው ተብሎ ታወጀ። ይህን ሲሰማ ሽብሩ በንዴት ሊሞት ደርሶ እስከ ግርጌ ድረስ መጣ። አንጓች ስቃ፣ ይበሉ፣ ውሃው እንደሆነ አይሰማቸውም አለችው። ስቃ የማታውቅ ሴት ስትስቅ ሲያይ የእሱም ንዴት በረደለት።

በስም ማውጫው ቀን የግርጌ ሰው ሁሉ ኩሬው ዳር ወጣ። አንጓች ሕዝቡ እያያት ጨርቁን ፈታችው። እጇ ፀሐይ ካየ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ነጥቶ፣ ከስቶ፣ ነገር ግን ጭረት እንኳ የሌለበት እጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ አዩት፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። የስንቱን ቅባት የተቀበለ እጅ ነው! ከመካከላቸው አንዱ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ሃያ ሁለት ልጆች ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለ ስም ማውጣት በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ገሚሶቹ በእግራቸው ቆመዋል፣ ሁለቱ ይደባደባሉ፣ አንዱ ድንጋይ ይወረውራል። አንጓች ሁሉንም ጨርሳ የሻረግን ልጅ መጨረሻ ላይ አስቀረቻት። ፈርታ ነው። አሁንም ቢሆን ያ አመድ የመሰለ ከንፈር ከዓይኗ አልጠፋም። መዳፏን ውሃው ውስጥ አስገባች፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ ከሥር ታዩዋት። ዘግና አነሣችው። የሻረግ እጇን ከሥር ደግፋ ያዘችላት።

ሥርዓቱ ከንፈር ማራስ ብቻ ነበር። ልጅቱ ግን የአያቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጭልጥ አደረገችውና፣ መዳፏንም ላሰችው። ቀና ብላም፣ «ድገሚኝ» አለች። የዚያ አገር ሰው በስም ማውጫው ሥርዓት ላይ ልጅ ሲናገር ሰምቶ ስለማያውቅ ሳቁ ኩሬውን አናወጠው። የሻረግ አለቀሰች። አንጓች ድጋሚ ዘገነችላት፤ ሦስተኛም ዘገነችላት።

ከዚያ በሆዷ ይዛው የኖረችውን ስም ጮክ ብላ ጠራች።

«ትርንጎ!»

ልጅቱ ዘወር አላለችም። ወደ ውሃው ገብታ በሁለት እጇ እየመታች ትጫወታለች። አንጓች ደግማ ጠራቻት። ሕዝቡም አብሮ ጠራት። ልጅቱ ማንን እንደሚጠሩ አላወቀችም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስም ኖሯት አያውቅምና።

«ተያት፣» አለች የሻረግ እንባዋን እየጠረገች፣ «ትለምደዋለች።»

አንጓች ጫማዋን አወለቀችና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ተከትላት ውሃው ውስጥ ገባች።